ወንበርና መንገድ፦ ስለ እርጅና፣ ስለ አካልና ስለ አክብሮት

ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ ጫፍ እንዲነካ የታዘዘ ጤነኛ ሰው አይቸገርም። ጣቱ የት እንዳለ፥ አፍንጫውም የት እንዳለ ሳያይ ያውቃልና ነው። በጨለማ ጉርሻን ወደ አፍ የሚያደርሰው፥ ውኃ የሞላ እንስራ አዝላ ቁልቁለት የምትወርደውን ሴት የሚያቆማት፥ የበገና ደርዳሪውን ጣት ከአውታር ወደ አውታር የሚመራው ይኸው ዕውቀት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የስሜት ሕዋሳት አምስት ናቸው ተብለን ተምረናል። ይህ ስድስተኛው ግን በቁጥር ውስጥ አልገባም፤ ምክንያቱም እስከሚጠፋ ድረስ መኖሩ አይታወቅም።

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን በ1906 እ.ኤ.አ. ፕሮፕሪዮሴፕሽን የሚል ስም አወጣለት። አካል ስለ ራሱ የሚያገኘው ዕውቀት እንደ ማለት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ «የአካል ስሜት» እንለዋለን። በጡንቻዎቻችን መካከል እንደ ክር የቀጠኑ የስሜት አካላት ተሰግስገው ይገኛሉ። ጡንቻው ሲለጠጥ እነሱም አብረው ይለጠጡና ምን ያህልና በምን ፍጥነት እንደ ተለጠጠ በነርቭ አማካይነት ወደ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል ያስታውቃሉ። በጅማት ያሉት የተሸከምነውን ኃይል፥ በመገጣጠሚያ ያሉት የመታጠፉን ልክ፥ በውስጥ እግር ቆዳ ያሉት የምንረግጠውን መሬት ጠባይ ይናገራሉ። የውስጥ ጆሮ የራስን ዘንበል ቀና ማለት ይመዝናል፤ ዓይንም የበኩሉን ይጨምራል። አንጎል ይህን ሁሉ ወሬ ተቀብሎ፥ አስተባብሮ፥ እኛ ሳናዝዘው አንዱን ጡንቻ ያጠብቃል፥ ሌላውን ያላላል። ቀጥ ብሎ መቆም የምንለው ነገር በእውነቱ ያለማቋረጥ መውደቅና ያለማቋረጥ መታረም ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. ኢያን ዋተርማን የተባለ የ19 ዓመት እንግሊዛዊ ወጣት በደረሰበት ሕመም ከአንገቱ በታች ይህን ስሜት አጣ። ጡንቻዎቹ አልሰለሉም፤ ነገር ግን እጁና እግሩ የት እንዳሉ አያውቅም ነበር። ከብዙ ልፋት በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴውን በዓይኑ እየተከተለና እያሰበ እንደገና መራመድን ተማረ። መብራት በድንገት ሲጠፋበት ግን ይወድቅ ነበር።

በዋተርማን ላይ በአንድ ጊዜ የደረሰው በአረጋዊ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይደርሳል። ዕድሜ ሲገፋ በጡንቻ ውስጥ ያሉት የስሜት አካላት ይደነዝዛሉ፤ በነርቭ የሚተላለፈው መልእክት ይዘገያል፤ ጡንቻው ራሱ ይከሳል፤ የውስጥ እግር ቆዳ የጠጠሩን ወሬ እንደ ቀድሞው አያደርስም። ስለዚህም አረጋዊው ሳያውቀው ሥራውን ከእግሩ ወደ ዓይኑ ያዛውራል። እያየ ይረግጣል፤ ሲመሽ ያመነታል። እየሄደ ወሬ ቢጀምሩለት ቆሞ ይመልሳል። ይህን የመጨረሻውን በስዊድን አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. አስተውለው፥ ለመነጋገር ሲል መራመዱን የሚያቆም አረጋዊ የመውደቅ አደጋው ከሌላው የበለጠ መሆኑን አመልክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት 684 ሺህ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ፤ የሚበዙትም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ነው።

አማርኛችን በዚህ ነገር ከብዙ መጻሕፍት የቀደመ ይመስለኛል። ጉልበት ስንል መታጠፊያውንም ኃይሉንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ያረጀ ሰው «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲልም ስለ ብርታት ማጣት ብቻ መናገሩ አይደለም፤ የሚከዳ የታመነ ነው። ጥያቄው ታዲያ ከዳተኛው ማን ነው የሚል ነው። ዕድሜ ብቻ ነውን? ወይስ በዚህ ክህደት ውስጥ የእኛም እጅ አለበት?

ጥያቄውን የማነሣው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እናቴ ኮተቤ ከጋራው ሥር፥ ጓሮ ባለው አሮጌ ግቢ ለብዙ ዘመን ኖራለች። 74 ዓመት ሲሆናት ማልዳ አቀበቱን ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ስግደቷን ትሰግዳለች፤ ተመልሳ ጎመኗን ትኮተኩታለች፤ እንጀራዋን ትጋግራለች። እኛ ልጆቿ ይህን ስናይ አፈርን። ሰው ምን ይለናል አልን። አጥብቆ የተከራከረውም ይህ ጸሐፊ ነበር። በመጨረሻም ገርጂ፥ ኮንዶሚኒየም፥ አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቴ አመጣናት። ሊፍት የለውም፤ በ1996 ዓ.ም. በዚሁ በቦሌ ገርጂ ከተጀመሩት የመጀመሪያ ሕንፃዎች አንሥቶ በየሠፈሩ የተሠሩት አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየሞች በደረጃ የሚወጡ ናቸውና። ስለዚህ አትውረጂ አልናት። ሠራተኛ ቀጠርንላት። ሶፋ ገዛንላት። ውኃ ለመጠጣት ስትነሣ እንኳ ከእኛ አንዱ ቀድሞ ይነሣ ነበር፤ ይህንንም እንደ ታላቅ ምግባር እንቆጥረው ነበር።

ስምንት ወር ሳይሞላ አንድ ሌሊት ከመኝታዋ ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ወደቀች። ርቀቱ ከስድስት እርምጃ አይበልጥም። የእጇ አንጓ ተሰበረ። ያከማት ሐኪም ስብራቱን ካሰረ በኋላ እግሮቿን ገጥማ እንድትቆምና ዓይኗን እንድትጨፍን አዘዛት፤ ወዲያውኑ ተወዛወዘች፤ ደግፎ ያዛት። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብሎ «ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» ሲል ጠየቀኝ። «ምንም አናሠራትም፥ እንንከባከባታለን» አልኩት፤ በኩራት። ሐኪሙ ዝም አለ። እናቴ ግን «እግሬ መሬቱን ረሳው» አለች።

ይህ ንግግሯ የሳይንስን ቋንቋ ሳትማር የሳይንሱን ፍሬ ነገር የያዘ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። የአካል ስሜት በጥቅም ላይ ሲውል የሚጠበቅ፥ ሲቀመጥ የሚዝግ ዕውቀት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ለ3 ሳምንት ከአልጋ እንዳይነሡ ተደርጎ የልብና የሳንባቸው ብቃት ተለካ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው አምስት ሰዎች፥ በ50 ዓመታቸው፥ እንደገና ሲለኩ የሠላሳ ዓመት እርጅና ካደረሰባቸው ጉዳት ይልቅ የሦስት ሳምንቱ አልጋ ያደረሰባቸው የባሰ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ይህ ጥናት ስለ ልብ እንጂ ስለ ሚዛን አይደለም፤ ነገር ግን እርጅና ብለን ከምንጠራው ውስጥ ምን ያህሉ መቀመጥ እንደ ሆነ ያሳየናል። ተቃራኒውም ታይቷል። በ1990 እ.ኤ.አ. በቦስተን በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ሰዎች ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው እያነሡ ቢሠለጥኑ የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ አካሄዳቸውም ፈጠነ። ሥልጠናው ቢቋረጥ ግን በ4 ሳምንት ውስጥ ከኃይላቸው ሲሶ ያህሉ ተመልሶ ጠፋ። በ90 ዓመት የሚሰጥ፥ በወር የሚወሰድ ነገር ነው ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ነው እንግዲህ የክብርን ጉዳይ መመርመር የሚያስፈልገው። በባህላችን ሽማግሌ ሲገባ «ኑር» ብለን እንነሣለን፤ ከላይኛው ሥፍራ እናስቀምጣለን፤ ከእጁ ዕቃ እንቀበላለን፤ እጁን እኛው እናስታጥባለን። ይህ ሥርዓት የሚጠላ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በሚመላለሰው የከተማ ባቡር ውስጥ፥ ሰው እንደ ጭድ ተጠቅጥቆ ሳለ አንድ ወጣት ለአሮጊት ሲነሣ ያየ ሰው ይህች አገር አልሞተችም ይላል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት የተወለደበትን ኑሮ እናስታውስ። «ኑር» የተባለው ሽማግሌ የመጣው ተራራ ወጥቶ፥ ወንዝ ተሻግሮ፥ በሬ ጠምዶ ውሎ ነው። ወንበሩ የመንገዱ መጨረሻ ነበር። እኛ መንገዱን አጥፍተን ወንበሩን ብቻ አስቀረን። ከመኝታው ወደ ሶፋው፥ ከሶፋው ወደ መኝታው ለሚመላለስ ሰው ወንበር መስጠት ምኑን ማክበር ነው?

አክብሮታችን ሲመረመር ለእኛ የሚያደላ ሆኖ ይገኛል። እናቴ ቀስ ብላ ስትለብስ ለመጠበቅ ትዕግሥት አጣሁና አለበስኳት፤ ይህንንም ፍቅር አልኩት። ጎመን ስትኮተኩት የሚያይ ጎረቤት እንዳያማኝ ፈራሁና መኮትኮቻዋን ደበቅሁ፤ ይህንንም ውለታ መመለስ አልኩት። እርግጥ ነው፥ ፍቅሩም ውለታውም ነበረበት።

ነገሩን ወደ ሌላ ጫፍ መግፋትም ስሕተት ነው። የእኛ አገር ሰው ስለ አካል ብቃት ሲነሣ ወዲያውኑ አትሌቶቻችንን ይጠራል፤ ምሳሌነታቸውም የሚናቅ አይደለም። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ሦስተኛ ሲወጣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ገብቷል፤ ከሜክሲኮው ድሉ በአምስት ደቂቃ የፈጠነ ነው፤ የሜክሲኮ ከፍታ መኖሩን ሳንዘነጋ ማለት ነው። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትርን ሲያሸንፍ ዕድሜው ዓለምን ሲያከራክር ነበር። ማርሽ ቀያሪው ያሰኘው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የገዛ አካሉን መጠን፥ የሚቀረውንም አቅም አብጠርጥሮ ማወቁ ነው። ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ገብቶ ሁለተኛ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ብቻውን ፈራጅ አለመሆኑን ይመሰክሩልናል። ሆኖም ጉልበቷን ለሚያማት አሮጊት የቀነኒሳን ስም መጥራት ማጽናናት አይሆንም።

ከዚያም በላይ ሩጫ ብቻውን የአካል ስሜትን አይጠብቅም። የቻይና ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሦስት ወገን አረጋውያንን አወዳድረዋል፤ ታይ ቺ የተባለውን ዝግተኛ የአካል እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት የሠሩ፥ የሚዋኙና የሚሮጡ፥ እንዲሁም ምንም የማይሠሩ። ቁርጭምጭሚታቸው እጅግ በቀስታ ሲዘነበል ቀድመው ያወቁት የታይ ቺዎቹ ናቸው፤ ከሯጮቹም ከዋናተኞቹም ቀድመው። ዝግ ያለ፥ በልብ የተከተሉት፥ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የሚያዛውር እንቅስቃሴ ለሚዛን ልዩ ትምህርት ነው ማለት ነው።

ይህን ሳነብ የመጣልኝ የቦሌ መድኃኔዓለም ማኅሌት ነው። ሊቃውንቱ ሌሊቱን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው፥ መቋሚያውን አንሥተው ዝቅ እያደረጉ፥ ጸናጽሉን እያንሿሸሹ፥ በመጀመሪያ በዝግታ ኋላም እየፈጠኑ ሲያሸበሽቡ የተመለከተ ሰው ከመካከላቸው ያረጁት አንዳንዶቹ ከወጣቶቹ ይልቅ በተረጋጋ እግር ሲያርፉ ያያል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው መሪጌታ ሰውነታቸው ዜማውን ተከትሎ ወደ ጎን ዘንበል ሲል መሬቱ ራሱ የያዛቸው ይመስላል። መቋሚያውንም እንደ ምርኩዝ ብቻ ማየት ማሳነስ ነው። ሰው በጣቱ ጫፍ አንድ የቆመ ነገርን ቀለል አድርጎ ቢነካ፥ ክብደቱን እንኳ ሳያሳርፍበት፥ መወዛወዙ እንደሚቀንስ በ1994 እ.ኤ.አ. በሙከራ ታውቋል፤ ጣቱ ለአንጎል ወሬ ያቀብላልና። መቋሚያውም እንዲሁ ድጋፍ ብቻ ሳይሆን መሬትን የሚያዳምጥ ሦስተኛ እግር ነው። የአቋቋም ሊቃውንት ይህን ሁሉ ለጤና ብለው አላደረጉትም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ሳይሰለቹ ዕድሜ ልክ ያደረጉት። የባህል ባለሙያዎቻችንም ቢሆኑ ያረጀ እስክስታ ወራጅን ልብ ብለው ያዩ እንደ ሆነ፥ ዝላዩ ቀርቶ ትከሻው ግን ምቱን ሳይስት የሚቀበለው ለምን እንደ ሆነ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ እኅቴ ያቀረበችልኝን ክርክር ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ጉዳይ የደረስኩበትን ነገር ስነግራት ተቆጣች። «እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማ ያሳደገችን ናት፤ አሁን ደግሞ ለጤናሽ ነው ብለን ልናሠራት ነው?» አለችኝ። ከየካና ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው፥ ጎብጠው ሲወርዱ የምናያቸውን እናቶች አስታወሰችኝ። እነሱስ ሲንቀሳቀሱ የኖሩ አይደሉምን? ጉልበታቸው የት አለ? እኅቴ ልክ ነበረች። ሸክም እንቅስቃሴ ነው ብሎ ማሞገስ ተሸክሞ ለማያውቅ ሰው ይቀላል። አካልን የሚያስተምረው መለዋወጥ ነው፤ አንድ ዓይነት ከባድ ጭነት በየቀኑ ሲደጋገም ግን መገጣጠሚያውን ይፈጫል። ጡረታን፥ ዕረፍትን፥ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ከሥራ ተገልሎ የመኖር መብቱን ያገኘው ታግሎ እንጂ ተለምኖ አይደለም፤ ማንም ሳይንስን አሳብቦ ሊነጥቀው አይገባም።

እንግዲህ በሸክምና በሶፋ መካከል ምን አለ? እኅቴና እኔ ለብዙ ቀን ከተሟገትን በኋላ የተስማማንበት ነጥብ ቢኖር፥ ሸክሙም ሶፋውም ሌላ ሰው የወሰነላት መሆኑ ነው። በወጣትነቷ ድህነት ተነሺ አላት፤ በእርጅናዋ ልጆቿ ተቀመጪ አልናት። እርስዋን ማንም አልጠየቃትም።

መጠየቅ ማለት ግን በቃል ብቻ አይደለም። ደጅ ለመውጣት የሚሻ አረጋዊ መጀመሪያ የሚገጥመው መደገፊያ ብረቱ የወለቀ ደረጃ፥ ቀጥሎም ክዳኑ የጠፋ የቦይ ጉድጓድ ነው። አልፎ ቀለበት መንገድ ከደረሰ የእግረኛ ድልድዩን ይወጣል ወይም በመኪናዎቹ መካከል ይሻማል። በእነዚህ የተነሣ ቤቱ የቀረውን ሰው ዕድሜው አስቀረው እንላለን። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ በቦሌ ጎዳና ላይ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መካከለኛውን አስፋልት ይዘው የሚራመዱ ሽማግሌዎችን አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ መንገዱ የእነሱ መሆኑን ለማመን ይቸገሩ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በዚያው ሥራ ምክንያት ከመሬት ቤታቸው ተነሥተው ወደ ፎቅ የተዛወሩ አረጋውያን መኖራቸውን አብሮ ማሰብ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት የሞላው ሰው በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ሚዛንን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ምክሩ መልካም ነው፤ ደረጃው ሊጠገን ይገባዋል።

እናቴ የእጇ ስብራት ከዳነ በኋላ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅናት። «መውረድ» አለች። የመጀመሪያው ቀን ከአራተኛ ፎቅ እስከ ሦስተኛው ብቻ ሆነ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደብን። እኔ ክንዷን ስይዝ እጇን አስለቀቀችኝ። «ከፊቴ ሁንና ብወድቅ ትይዘኛለህ፤ አሁን ግን አትያዘኝ» አለች። ስለዚህ አንድ ደረጃ ቀድሜ፥ ፊቴን ወደ እርስዋ መልሼ፥ የኋሊት መውረድ ሥራዬ ሆነ። በነገራችን ላይ የኋሊት ደረጃ መውረድ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ለእኔም የአካል ስሜት ማለት ምን እንደ ሆነ ያስተማረኝ ይኸው ነው። ጎረቤት ሲያገኛት በየዕረፍቱ ቆማ ታወራለች፤ የስዊድኖቹን ጥናት እያሰብኩ እሠጋለሁ። በሦስተኛው ወር ታች ደረሰች። ከሕንፃው ጀርባ በጣሳ ጎመን ተከለች። ስግደቷን አሳንሳ በወንበር ጀርባ ተደግፋ ጀመረች፤ ኋላ ወንበሩን ተወችው።

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከጎረቤት ለቅሶ ተመልሰን ደረጃውን ስንጀምር መብራት ጠፋ። ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበር። እኔ ግድግዳውን እየዳበስኩ ቆምኩ። እናቴ መደገፊያውን በአንድ እጇ ይዛ አልፋኝ ወጣች፤ የነጠላዋ ጫፍ ነካኝ። ከሁለተኛው ፎቅ አካባቢ ድምፅዋ መጣ፦ «ሰባተኛዋ ጠርዟ ተሰብሯል፤ እግርህን ከፍ አድርግ።»